ዓመታዊ ጉዟችን ከአውቶቡስ ይውረድ



ባለፈው ዓመት በጀመዓችን የሐረር ጉዞ ላይ አንድ ሐይቅ አምልጦኛል። ቀልድ አይደለም። አውቶቡሱ ከጊቢ ሲነሳ ነሺዳ ተከፍቶ ነበር፤ የደንገጎን ዳገት ስንወጣ አብዛኞቻችንን እንቅልፍ ወሰደን፤ ስነቃ ሐረር ገብተናል። ጀጎልን ዞርን፣ ፎቶ ተነሳን፣ ምሳ በላን፣ ዐስርን ሰግደን ተመለስን። ማታ ዶርም ውስጥ የሐረማያ ልጅ የሆነ ጓደኛዬ "ሐይቃችንን እንዴት አየኸው?" ብሎ ጠየቀኝ። "የቱን ሐይቅ?" አልኩት። ዝም ብሎ አየኝና "ሰው ሁሉ ደረቀ ብሎ ሲያዝንለት የነበረ ሐይቅ ተመልሶ መጥቶ አንተ ተኝተህ አለፍከው?" አለኝ። የምመልሰው አጣሁ።

በዚህ እልህ ነው ዘንድሮ በሴሚስተር እረፍት አራት ጓደኛሞች ሆነን ያንኑ መንገድ በእግራችን የሄድንበት። ሦስት ቀን ፈጀብን። ይህን የምጽፈው ጀብዱ ለማውራት አይደለም። ከድሬዳዋ ሐረር በአስፋልቱ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ አያቶቻችን ይህን ያህል ለገበያ ሲሄዱበት የኖሩት መንገድ ነው። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የጀመዓችን ዓመታዊ ጉዞ፣ ለሚችል ሁሉ፣ በእግር ይሁን። ምክንያቴም ሐረር አይደለችም። ሐረርማ በአውቶቡስም ትታያለች። በአውቶቡስ የማይታየው በመካከል ያለው ነው፤ ቆም የሚባልባቸውና ከመንገዱ ወጣ ተብሎ የሚታዩት ቦታዎች። እነሱን ሳያዩ ሐረር መድረስ የመጽሐፉን የመጨረሻ ገጽ ብቻ አንብቦ ፈተና እንደመግባት ነው።

መነሻው የፓርኩ ደጃፍ ይሁን

ክርክራችን የጀመረው ከመነሻችን ነው። ጓደኞቼ "ከለገሀር እንነሳ፤ ከተማዋ የተወለደችው እዚያ ነው" አሉ። እኔ ከኢንዱስትሪ ፓርኩ በር ካልሆነ አልኩ። ኢንተርንሺፔን የሠራሁት ፓርኩ ውስጥ ባለ አንድ ፋብሪካ ነው። ሁለት ወር ሙሉ በሰርቪስ ስመላለስ ከመስኮት ያየሁት አጥርና አቧራ ብቻ ነበር። አሁን በእግሬ ላየው ፈለግሁ። እነሱም "በቃ የአንተ ይሁን" አሉ፤ ፈጅርን ሰግደን በባጃጅ ወደ ፓርኩ ሄደን ከዚያ ወደ ከተማው መለስ ብለን መራመድ ጀመርን።

ለምን እዚያ? ይህ መንገድ ድሮም የወደብ መንገድ ስለሆነ ነው። በሲራራው ዘመን ከዘይላ ወደብ የተነሳው ግመል ቆላውን አቋርጦ ጊልዴሳ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ዳገት ነውና ሸክሙ ከግመል ወርዶ በአህያና በበቅሎ ላይ ይጫናል። ጊልዴሳ የኖረችው በዚህ ሥራ ነበር። በ1895 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሳው የባቡር ሐዲድ መጣ። ሐሳቡ ሐረር መግባት ነበር፤ ግን ተራራውን መውጣት ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ሆነና ከተራራው ሥር ቆመ። በቆመበት ቦታ ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ መጀመሪያ የተሰጣትም ስም አዲስ ሐረር ነበር። ከዚያ በኋላ ሸክም የሚገለበጠው ለገሀር ሆነ፤ የጊልዴሳም ስም እየተረሳ ሄደ። ዛሬ ደግሞ ተራው ከከተማ ወጣ ብሎ ወደ መልካ ጀብዱ አቅጣጫ ሄዷል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ጣቢያ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የተከፈተው የአገሪቱ የመጀመሪያ ነጻ የንግድ ቀጠና፣ ሁሉም እዚያው ናቸው። የድሮው ለገሀር ቀዝቅዟል።

ጎህ ሲቀድ የፓርኩ በር ላይ ቆመን ያየነው ይህንኑ ነው። የሌሊት ፈረቃ የጨረሱት እየወጡ፣ የቀን ፈረቃ የሚጀምሩት እየገቡ ነበር። ብዙዎቹ የእኛ እኩያ ልጃገረዶች ናቸው። አንዷ የጫማዋን አቧራ እያራገፈች "የት ልትሄዱ ነው?" አለችን። "ሐረር" አልናት። "መኪና ጠፍቶ ነው?" ብላ ሳቀች። በእግር እንደሆነ ስንነግራት ሳቋን አቋረጠችና "እኔም ከገጠር እዚህ የመጣሁት ግማሹን በእግሬ ነው" አለች። ሁለት ወር በሰርቪስ ስመላለስ ያልሰማሁትን ታሪክ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ሰማሁ።

እኛ ተማሪዎች ስለ ፓርኩ የምናወራው "ሲመረቁ የሚቀጠሩበት ቦታ" ብለን ነው። እሱም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሸክም የሚገለበጥበት ቦታ በዚህ አገር ሁለት ጊዜ መኖሪያውን ቀይሯል። ጊልዴሳ የነበሩት ሰዎችም ሥራቸው የማያልቅ ይመስላቸው ነበር፤ የለገሀር ሰዎችም እንዲሁ። ይህን በመጽሐፍ ማንበብ ይቻላል፤ ከአዲሱ ጣቢያ አካባቢ ተነስቶ ለአሮጌው ጣቢያ በር በእግር መድረስ ግን ለየት ያለ ትምህርት ነው። ሰው ሪዝቁን የሚጠብቅበት በር እንደሚቀያየር፣ ሰጪው ግን እንደማይቀየር በልብህ ይገባሃል።

ደቻቱና ያ ሌሊት

በሳቢያን በኩል ገብተን፣ ለገሀር ፊት ለፊት ሻይ ጠጥተን፣ ከከዚራ ወደ መጋላ ተሻገርን። የተሻገርነው ደቻቱን ነው። በበጋ ደቻቱ ወንዝ አይመስልም፤ አሸዋ ነው። ሰው ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ከፊራ ገበያ ገብተን ሳምቡሳና ተምር ስንገዛ፣ ሻጯ እናት ወደ ላይ እንደምንወጣ ስትሰማ "እንግዲያው ጎርፉ የመጣበትን ታያላችሁ" አለችን።

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ነው። ብዙዎቻችን ያኔ ሕፃናት ነበርን ወይም አልተወለድንም። ደቻቱ በአንድ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወሰደ። በከተማው ውስጥ በዚያ ሌሊት የዘነበው ዝናብ ብቻ አልነበረም ያንን ያመጣው፤ ውሃው የወረደው ከላይ ከተራራው ነው። የተራቆተ ዳገት ዝናብ አይዝም፤ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ያወርደዋል። በመጋላ ተቀምጦ ይህን የሚያውቅ ሰው አለ፤ ግን የደቻቱን አሸዋ ተከትሎ ሽቅብ የሄደ ሰው በጉልበቱ ያውቀዋል።

ከመንገዱ ወጣ ሲባል፦ የጃርቱ ዋሻ

ከከተማው በስተ ደቡብ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ላይ፣ የደቻቱን ሸለቆ ከላይ ቁልቁል የሚያይ አንድ ዋሻ አለ። በዓለም የሚታወቀው ፖርክ ኤፒክ በሚል ስም ነው፤ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ሁለት ፈረንሳውያን፣ የድሬዳዋ ሰው የነበረው ሄንሪ ደ ሞንፍሬድና ተመራማሪው ቴይያር ደ ሻርደን፣ ለሳይንስ አስተዋወቁት። በኋላ በተደረገው ቁፋሮ የድንጋይ መሣሪያዎች፣ የሰው መንጋጋ አጥንት ስባሪና ወደ 40 ኪሎ የሚመዝን ቀይና ቢጫ ቀለም የሚወጣበት ድንጋይ ተገኝቷል። የቀለሙ ድንጋይ ከ4,000 በላይ ቁራጭ ሲሆን ዕድሜው 40,000 ዓመት ገደማ ነው። ተመራማሪዎች እንደሚሉት በዚያ ዋሻ ውስጥ ሰዎች ይህንን ሥራ ለ4,500 ዓመታት ያህል ሲሠሩት ነበር። በግድግዳው ላይም ሥዕሎች አሉ።

በድሬዳዋ አምስት ዓመት ተምሬ ይህ ዋሻ ከመማሪያ ክፍላችን ያን ያህል ቅርብ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሰው ይህንን ቦታ ለማየት ከፈረንሳይና ከአሜሪካ ይመጣል። የከተማው ባህልና ቱሪዝም ቢሮን ቀድሞ አነጋግሮ አስጎብኚ ይዞ መሄድ ነው የሚያስፈልገው። ለእኔ ቀለሙ አይደለም የገረመኝ፤ የቦታው አመራረጥ ነው። እዚያ ዋሻ በር ላይ ተቀምጠህ ስታይ ሸለቆው ከእግርህ ሥር ነው፤ የሚመጣ የሚሄደው ሁሉ ይታይሃል። ያኔም ሰው ማረፊያውን የመረጠው ከውሃና ከመንገድ አጠገብ፣ ግን ከጎርፍ በላይ ነበር። እኛ ከተማችንን የሠራነው ከዋሻው በታች ነው።

ቁርኣን በምድር ላይ ሂዱና ከእናንተ በፊት የነበሩትን ሁኔታ ተመልከቱ እያለ በተለያየ ቦታ ደጋግሞ ያሳስበናል። ይህን በደርስ ስንቴ ሰምተናል! ትእዛዙ ግን የሚጀምረው ከመሄድ ነው።

ደንገጎ

ከዋሻው በኋላ ጨዋታ የለም፤ ዳገት ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ደንገጎ ላይ ስትደርስ ወደ 2,000 ሜትር ትጠጋለህ። በአውቶቡስ ጆሮህ ይደፈናል፣ ያልቃል። በእግር ስትወጣ ግን ሙቀቱ ቀስ በቀስ ከሸሚዝህ ሲለቅ ይሰማሃል፤ ከግራሩ በኋላ ማሽላ፣ ከማሽላው በኋላ ጫት ይመጣል። የገረመኝ ሌላ ነገርም አለ። አንዳንዱ ተዳፋት በድንጋይ እርከን ተይዞ ሣር አብቅሏል፤ አጠገቡ ያለው ደግሞ አጥንቱ ወጥቷል። ልዩነቱ የመቶ እርምጃ ነው። የእነዚያን እርከኖች ድንጋይ የደረደሩ ገበሬዎች ለራሳቸው ማሽላ ብለው የሠሩት ሥራ በከፊራ ለምትቸረችረው እናት ሕይወት መሆኑን ያውቃሉ ወይ? እሷስ ታውቃቸዋለች?

ደንገጎ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ሐረር፣ አንዱ በቁልቢ በኩል ወደ አዲስ አበባ። በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ክርስቲያን ወገኖቻችን ይህንኑ ዳገት በእግራቸው እየወጡ ቁልቢ ይሄዳሉ። ከዶርማችን ልጆች አንዱ ሁለት ጊዜ ሄዷል። ስንነሳ የት የት ጥላ እንዳለ፣ የትኛው ኩርባ ላይ ንፋስ እንደሚበረታ የነገረን እሱ ነው። አልዋሽም፣ ትንሽ አፈርኩ። የሐረርጌ ሙስሊም ገበሬዎችም እንደ ባላ የተሰነጠቀች በትራቸውን ይዘው እስከ ባሌ ዲሬ ሼኽ ሁሴን በእግር የሚጓዙ ሕዝቦች ናቸው። በዚያ ጉዞ ላይ ከዑለማዎቻችን መካከል የተለያየ አቋም እንዳለ አውቃለሁ፤ እዚህ ልገባበት አልፈልግም። የምለው፣ መራመድን የረሳነው እኛ የተማርነው ነን።

የመጀመሪያዋን ሌሊት ያደርነው ከዳገቱ ወዲያ ባለች መንደር፣ የአንድ የክፍል ጓደኛችን አጎት ቤት ነው። ሽማግሌው ሆጃ አቀረቡልን፤ የቡና ገለባ በወተት የተፈላ። ከአራታችን ኦሮምኛ አቀላጥፎ የሚያውቀው አንዱ ብቻ ነበር። ሦስታችን በዚህ አገር ለዓመታት ተምረን ከ"ገለቶማ" የዘለለ ምስጋና አልነበረንም። ሽማግሌው በጓደኛችን በኩል "ልጆቼ ሆይ፣ ይህ መንገድ መኪናው ሳይበዛበት የሰላምታ መንገድ ነበር፤ አሁን የሚያልፍ እንጂ የሚቆም የለም" አሉን።

እዚያው ቤት ዒሻን ለመስገድ ስንነሳ ክርክር ተነሳ። ሙሳፊር ነን አይደለንም? ቀስር እናድርግ ወይስ ሙሉ እንስገድ? አንዱ እግሩን እያሳየ "ይህ እግር ሙሳፊር ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?" አለ። ወደ ኡስታዛችን ደወልን። ሳቁና የብዙዎቹ ዑለማዎች መለኪያ 80 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ እንደሆነ፣ ሐረር ደግሞ ከዚያ እንደምታንስ ነገሩን። ሙሉ ሰገድን። ጉዟችን በሸሪዓ ሚዛን ጉዞ እንኳ እንዳልሆነ ሳውቅ "ጀብዱ ሠራን" የሚለው ስሜት እዚያው ቀረ።

ያመለጠኝ ሐይቅ

በሁለተኛው ቀን፣ ከዙሁር በኋላ፣ ሐረማያ ሐይቅ ደረስን። በ1990ዎቹ መጨረሻ ይህ ሐይቅ ፈጽሞ ደርቆ ነበር። ጀልባ ይቀዝፉበት የነበረ ቦታ ላይ ከብት ተሰማርቶበታል፤ ሰው እየተሻገረ ሄዶበታል። ምክንያቱ አንድ አልነበረም። ዙሪያው ያለው ዳገት ተራቁቶ አፈሩ ሐይቁን ሞላው። በጫትና በአትክልት ማሳ ዙሪያ የተተከሉ ፓምፖች ቀን ከሌት ሳቡት። ሐረር ከተማም የምትጠጣው ከእሱ ነበር። ሁሉም የወሰደው ትንሽ ትንሽ ነው፤ ማንም "እኔ አደረቅሁት" አይልም። ከአጠገቡ ያለው አዴሌ ሐይቅም በዚሁ መንገድ ነው የሄደው።

ባለፉት ዓመታት ግን ሐረማያ ተመልሷል። በዙሪያው ያሉ ተራሮች ከንክኪ ተከልለዋል፣ እርከን ተሠርቷል፣ ችግኝ ተተክሏል፤ ሐረርም የውሃ ምንጯን ቀይራለች፤ ዝናብም አላህ ሰጠ። ዳር ላይ ቁጭ ብለን ወፎቹን ስናይ ያ የዶርም ጓደኛዬ ትዝ አለኝ። ፎቶ አንስቼ "ደርሻለሁ" ብዬ ላክሁለት። የመለሰልኝ አንድ ቃል ነው፦ "አልሐምዱሊላህ"።

አውቶቡስ ይህንን ሐይቅ በጥቂት ደቂቃ ያልፈዋል። የተኛ ሰው አያየውም፤ ያልተኛውም "ውሃ ነው" ብሎ ያልፋል። ከደቻቱ ተነስቶ፣ የተራቆተውንና የተያዘውን ዳገት በእግሩ ለይቶ የመጣ ሰው ግን ሐይቁን ሲያይ የሚያየው ውሃ ብቻ አይደለም። የሰው እጅ ሲያጠፋም ሲያለማም የሚያመጣውን ውጤት ነው የሚያየው። የምህንድስና፣ የግብርና፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ነን። በክፍል "የተፋሰስ አስተዳደር" የሚባለውን ኮርስ ወስደን ኤ ያገኘን አለን። ከእኛ ስንቶቻችን ተፋሰስ ከታች እስከ ላይ ሄደንበታል?

አወዳይ፣ ከዚያም ሐረር

ሦስተኛው ቀን አወዳይን አቋረጥን። ጫት ነው አገሩ በሙሉ። ከዚህ የሚነሳው ጫት በሰዓታት ውስጥ ጅቡቲና ሶማሌላንድ ይደርሳል። በጀመዓችን ስለ ጫት ብዙ ተብሏል፤ እኔም የምጨምረው የለኝም፤ ጊቢ ውስጥ ጓደኛ ሲያበላሽ አይቻለሁ። ነገር ግን አወዳይ ላይ ቆሜ ያየሁት ሌላ ገጽታውን ነው። ልጇን በጀርባዋ አዝላ እስሮቹን በእንሰት ቅጠል ሳይሆን በሣር ጠቅልላ ውሃ እየረጨች የምትሸጥ ሴት አየሁ። "ተዉት" ማለት ቀላል ነው። "ትተሽ ምን ትዝሪ?" ለሚለው ጥያቄ መልስ መፈለግ ደግሞ የእኛ የተማሪዎቹ ሥራ ነው። ያንን ጥያቄ በሚምበር ሥር ተቀምጬ አስቤው አላውቅም ነበር፤ እዚያ ገበያ መሐል ግን መጣብኝ።

ወደ ሐረር የገባነው በሸዋ በር፣ አደሬዎቹ አስማዲን በሪ በሚሉት ነው። ስለ ጀጎል እዚህ አልተርክም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። አሚር ኑር ያስገነቡት ግንብ፣ አምስቱ የጥንት በሮች፣ ዩኔስኮ በ2006 እ.ኤ.አ. ሲመዘግበው የቆጠራቸው 82 መስጂዶች። ስለ አንድ ቧንቧ ግን ልንገራችሁ።

ለዐስር ውዱእ ልናደርግ ወደ አንድ ትንሽ መስጂድ ገባን። ሦስት ቀን አቧራ የጠጣ እግሬን ሳጥብ አንድ የአካባቢው ሽማግሌ "ውሃዋን ቆጥቡ፣ ከሩቅ ነው የመጣችው" አሉን። "ከየት ነው አባባ?" አልናቸው። "ከእናንተው ከድሬ" አሉ። እውነታቸውን ነው። ሐረማያ ሲደርቅባት ሐረር ፊቷን ወደ ቆላው አዞረች፤ ዛሬ የምትጠጣው አብዛኛው ውሃ በድሬዳዋ አስተዳደር ውስጥ ሀሰሊሶ አካባቢ ከተቆፈሩ ጉድጓዶች በፓምፕ ተገፍቶ የሚወጣ ነው። ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ተራራው ሲይዘው ቀስ ብሎ ከመሬት በታች ወደ ቆላ ይሰርጋል፤ እኛ ደግሞ በብዙ ወጪ መልሰን ወደ ላይ እንገፋዋለን። ተራራው ሳይዘው ሲቀር ያው ውሃ በደቻቱ በአንድ ሌሊት ይወርዳል።

በዚያች ቧንቧ ሥር ሦስቱ ቀናት አንድ ላይ ገጠሙልኝ። ፓርኩ፣ ደቻቱ፣ እርከኑ፣ ሐይቁ፣ የአወዳይዋ ሴት፣ ሁሉም በአንድ ውሃ የታሰሩ ናቸው። በአውቶቡስ ብመጣ ኖሮ ውዱኤን አድርጌ እሰግድ ነበር፤ ሶላቴም ኢንሻአላህ ያው ነው። ግን ስለምታጠብበት ውሃ የማመሰግነው የዚህን ያህል አይሆንም ነበር።

"ግን እኮ..." ለምትሉ

ይህን ሐሳብ ለሥራ አስፈጻሚው ሳቀርብ የሰማኋቸውን ተቃውሞዎች አውቃቸዋለሁ፤ አንዳቸውንም አልንቅም።

"ደህንነቱስ?" ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በቀን ብቻ፣ ከዋናው መንገድ ሳይርቁ፣ በየወረዳው ላሉ አስተዳደሮች ቀድሞ አሳውቆ፣ የዕለቱን ሁኔታ ጠይቆ መሄድ ነው። ካልተመቸ ይቀራል፤ ጉዞው አይጠፋም። በክረምት ደግሞ በደቻቱ አሸዋ ላይ ማንም አይሂድ።

"እህቶቻችንስ?" ይህንን ያነሳችው አንዲት እህት ናት፤ ያነሳችውም በተቆጣ ድምፅ ነው። "እናንተ ተራራ ስትወጡ እኛ ስንቅ ልናዘጋጅ ነው?" አለች። እውነቷን ነው። በእኔ አስተያየት እህቶች የራሳቸው ቡድን፣ የራሳቸው አሚራ ይኑራቸው። ማደር ለማይመቻቸው ከጊቢ ወደ ዋሻው ደርሶ መልስ፣ ወይም ከሐረማያ ሐይቅ እስከ ሐረር የአንድ ቀን ጉዞ በቂ ነው። አውቶቡሱ ከኋላ ይከተል፤ የደከመው፣ የታመመው፣ አቅም የሌለው ይሳፈር። አውቶቡስን አልጠላሁም፤ ቦታው ከኋላ ይሁን ነው የምለው።

"ጊዜ የለንም፤ ፈተና አለ።" የአውቶቡሱ ጉዞ አንድ ቀን ይወስዳል፣ የእግሩ ሦስት። ሁለት ቀን ነው ልዩነቱ። በስልካችን ላይ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምናጠፋ ስልኩ ራሱ ይነግረናል፤ እኔ መናገር አያስፈልገኝም።

"የሚታየው ሐረር ነው፤ መንገድ ላይ ምን አለ?" ለዚህ መልስ የሚሆነው ኢብን ባጡጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1325 በ21 ዓመቱ ከታንጀር የተነሳው ለሐጅ ብቻ ነበር፤ አገሩ የተመለሰው ከ24 ዓመት በኋላ ነው። ሐጅ ያደረገ ሰው በዘመኑ ሞልቶ ነበር። እሱን ዛሬ ድረስ የምናስታውሰው በየመንገዱ ስለቆመ ነው። የእኛው መንገድ ጫፍ የሆነችው ዘይላም ደርሷል፤ የዓሣውና የታረደው ግመል ሽታ አስመርሮት በመርከብ ላይ ማደሩንም ሳይደብቅ ጽፏል። ጥሩ ጥሩውን ብቻ መርጦ አላየም።

ሐሳቤ ሲጠቃለል

ለጀመዓችን የማቀርበው ይህ ነው። የሚቀጥለው ዓመታዊ ጉዞ በጥር፣ ዝናብ በሌለበት፣ በሦስት ቀን ይከፈል። መነሻው የኢንዱስትሪ ፓርኩ በር ይሁን፤ ከፈረቃ የሚወጡትን ሠራተኞች ሰላም ብለን እንነሳ። ከመንገድ ወጣ ብለን የምናየው ዋሻውንና ሐይቁን ይሁን። በእያንዳንዱ ማረፊያ ከእኛው መሐል ጉዳዩን የሚያጠና አንድ ተማሪ ለአሥር ደቂቃ ያስረዳ፤ ስለ ባቡሩ የታሪክ ተማሪው፣ ስለ እርከኑ የግብርናው፣ ስለ ፓምፑ የምህንድስናው። ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚያውቁ አባሎቻችን ከመነሳታችን በፊት ቢያንስ ሰላምታና ምስጋናውን ያስተምሩን። ስንመለስ ደግሞ በአንድ ተዳፋት ላይ ከገበሬዎቹ ጋር ድንጋይ ለመደርደር ቀን እንቆርጥ። ያየነውን ዳገት ባዶ እጃችንን ትተነው ከመጣን መሄዳችን ምን ረባ?

ሐረር የትም አትሄድም፤ ሺህ ዓመት ጠብቃለች፣ ሦስት ቀን አታጣልንም። ሐይቁ ግን አንድ ጊዜ ሄዶ ነበር። እንደገና ከመሄዱ በፊት ነቅተን እናየው ዘንድ ነው የምለው።

ወላሁ አዕለም። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።